ጠያቂ የሌለው ሕመምተኛ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በአማርኛ ሕመምተኛን ለማየት የሚሄድ ሰው «ጠያቂ» ይባላል። ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። ጠያቂ አንድም ወዳጁን ለማጽናናት የሚመጣ፣ አንድም ስለ ወዳጁ መልስ የሚፈልግ ሰው ነው። «እንዴት አደረ? እህል ቀመሰ ወይ? መድኃኒቱን ማን ሰጠው? ጀርባው ስለምን ቆሰለ?» የሚለው እሱ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የደረሰው ነገር፣ አጽናኙ ጠያቂ ከደጅ ሲመለስ መልስ ፈላጊውም አብሮ እንደሚመለስ አሳይቷል። ለሕክምናና ለነርስነት ሙያ ትልቁ ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ በሮቹ የተዘጉት ያለ ምክንያት እንዳልነበረ መታወቅ ይገባዋል። በማርች 2020 በሽታው ሲዛመት ክትባት አልነበረም፤ መመርመሪያ እጥረት ነበረበት፤ የፊት መሸፈኛና መከላከያ ልብስም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። አረጋውያን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ፣ በእነዚያው እጆች እየታጠቡና እየጎረሱ የሚኖሩበት ቤት ደግሞ ለእንዲህ ያለ በሽታ እንደ ደረቅ ሣር ነው። ስለዚህም ቤቶቹ በራቸውን በቤተሰብ ላይ ዘጉ። ከሠራተኞቹም መካከል በሽታውን ከውጭ ላለማስገባት ሲሉ ልጆቻቸውን ትተው በሥራ ቦታቸው ያደሩ፣ በግቢው ውስጥ በድንኳንና በተጎታች መኪና የሰነበቱ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ያለ ምስጋና ማለፍ ግፍ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቤቶቹ ሌሎች በሮችም ነበሯቸው። ከማርች 17 እስከ አፕሪል 15 ቀን 2020 ድረስ፣ የሆስፒታል አልጋ ለማስለቀቅ ሲባል፣ ወደ 25,000 የሚሆኑ ሰዎች ወደ መጦሪያ ቤቶች ተላኩ፤ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱን ሰው አስቀድሞ መመርመር ግዴታ አልነበረም። በዚያው ዓመት የተደረገ የመንግሥት ጥናትም ሌላ በር አመለከተ፤ ይኸውም ጊዜያዊ ሠራተኞችን አዘውትረው በሚቀጥሩ ቤቶች በሽታው በአረጋውያኑ ላይ በዝቶ ሲገኝ፣ ታሞ የቀረ ሠራተኛ ክፍያው በማይቋረጥበት ቤት ግን አንሶ ተገኘ። ልጅ እናቷን እንዳታይ ስትከለከል፣ የዕለት ክፍያው እንዳይቀርበት ሕመሙን ችሎ የሚገባ ሠራተኛ መኖሩን ግን የጠየቀ አልነበረም።

የደረሰው ጉዳት ከባድ ነው። ከማርች 2 እስከ ጁን 12 ቀን 2020 ድረስ በእንግሊዝና በዌልስ ከሞቱት 66,112 የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች መካከል በ19,394ቱ የሞት ማስረጃ ላይ ኮቪድ-19 ተጠቅሷል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ የመርሳት በሽታ የነበረባቸው ነበሩ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለባለሙያ ብዙ ይናገራል። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የሚያመውን ቦታ ላይናገር፣ መጠማቱን ላይገልጽ ይችላል። የእሱ አንደበት ቤተሰቡ ነው። እናቷን በየቀኑ ምሳ የምታበላ ልጅ፣ እናትየዋ በየትኛው ጉንጯ እንደምታኝክ፣ ዝም ስትል መጥገቧ ይሁን መከፋቷ ለይታ ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በካርድ ላይ አይጻፍም። በሩ ሲዘጋ ልጅቱ በመስኮት ውጭ ቆማ እጇን በመስተዋቱ ላይ አሳረፈች፤ እናትየዋ ግን ልጇ ስለምን እንደማትገባ ልትረዳ አልቻለችም። አንዳንዶች የተጣሉ መሰላቸው፤ አንዳንዶች ምግብ ተዉ፤ ብዙዎችም በአንድ ክፍል ተወስነው ሲከርሙ ጉልበታቸው ደከመ። በማርች 2021 የእንግሊዝ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ ደግሞ፣ ልባቸው ቢቆም ለማንቀሳቀስ እንዳይሞከር የሚል ውሳኔ እነሱም ሆኑ ቤተሰቦቻቸው ሳይማከሩ የተሰጠባቸው ሰዎች እንደነበሩ ገለጸ። ጠያቂ በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ያለ ክርክር ይፈረማል።

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ ለሚለው ጥያቄ የኔዘርላንድ ልምድ ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። በዚያ አገር ከማርች 20 ቀን 2020 ጀምሮ መጠየቅ በመላው ተከልክሎ ነበር። ከሜይ 11 ቀን በኋላ ግን በ26 ቤቶች፣ ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ቋሚ ጠያቂ በጥንቃቄ እንዲገባ በሙከራ ተፈቀደ። ተመራማሪዎች በተከታተሏቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በእነዚህ ቤቶች አዲስ በሽተኛ አልተመዘገበም። የጥቂት ሳምንት ሙከራ ሁሉን ባያረጋግጥም፣ በሩን ከነጭራሹ በመዝጋትና ወለል አድርጎ በመክፈት መካከል ሌላ መንገድ መኖሩን አሳየ። በእንግሊዝ አገር ግን አንድ ቋሚ ጠያቂ ገብቶ የዘመዱን እጅ እንዲይዝ በመላው የተፈቀደው ማርች 8 ቀን 2021 ነበር። በመጦሪያ ቤት ዕድሜ፣ አንድ ዓመት ለብዙዎች የቀራቸው ዘመን ሁሉ ነው።

በደጅ የቀረው ጥያቄ ውሎ አድሮ ከችሎት ደረሰ። አባቶቻቸው በመጦሪያ ቤት የሞቱባቸው ሁለት ሴቶች ክስ መሥርተው፣ አፕሪል 27 ቀን 2022 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካቀረቧቸው አቤቱታዎች አንዱን ተቀበለ፤ ምልክት ሳይታይባቸው በሽታ የሚያስተላልፉ ሰዎች በአረጋውያን ላይ የሚያመጡትን አደጋ ሳያመዛዝን ሰዎችን ከሆስፒታል ወደ መጦሪያ ቤት ያስላከው መመሪያ ሕገ ወጥ ነበር ሲል ፈረደ። ከአፕሪል 6 ቀን 2024 ጀምሮም መጦሪያ ቤቶችና ሆስፒታሎች፣ ልዩ ምክንያት ካልገጠመ በቀር፣ ሕመምተኛ እንዲጠየቅ የማድረግ ግዴታ በደንብ ተጣለባቸው።

ከዚህ ሁሉ ለሙያው የሚቀረው ቁም ነገር ምንድን ነው? በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አስታማሚ ማለት ከአልጋው ሥር የሚያድር፣ ውሃ የሚያቀብል፣ ሌሊት ነርሷን የሚጠራ ዘመድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከጠያቂ ተራ ተቆጥሮ ከደጅ ሲመለስ፣ የቀረው እንግዳ ሳይሆን የሥራ ባልደረባ ነው። ስለሆነም ወረርሽኝ ሳይመጣ አስቀድሞ፣ ለእያንዳንዱ ራሱን ለማይችል ሕመምተኛ አንድ አስታማሚ በስም ሊታወቅ፣ እንደ ሠራተኛው የእጅ መታጠብና የመከላከያ ልብስ አለባበስ ሊማር ይገባዋል። በሩ መዘጋቱ ግድ ከሆነም፣ በተወሰነ ሰዓት ለቤተሰብ ደውሎ የሚያስረዳ አንድ ኃላፊ መኖር አለበት፤ የሕይወትና የሞት ውሳኔም ያለ ሕመምተኛው ወይም ያለ ቅርብ ዘመዱ ምክር ሊጻፍ አይገባም።

በሽታን ለመከላከል በር ይዘጋ ይሆናል። በሩን የሚዘጋው ባለሙያ ግን ከውጭ የቀረውን ሰው ጥያቄ ራሱ ተቀብሎ፣ በየጧቱ «እንዴት አደሩ?» ብሎ የመጠየቅና መልሱን ለደጁ የማድረስ ዕዳ አለበት።