ዱቄቱንም ጠይቁ

ውድ የሚድዋይፍ ተመራቂዎች፤

እኔ የእህል ነጋዴ ነኝ። የተጋበዝኩት የወረዳችን ሆስፒታል ቦርድ አባል ስለሆንኩ ነው። ስለ ሕክምና ለእናንተ የምነግራችሁ የለኝም፤ የማውቀው ለሆስፒታሉ መለመኑን ነው።

ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ሰጪ አያጣም። ሕንፃ፣ አልትራሳውንድ፣ አልጋ ካልን ነጋዴውም፣ እድሩም፣ ዋሽንግተን ያለው የአገር ልጅም ይሰጣል። ከአሜሪካ የሚላክ መሣሪያ በ110 ቮልት የሚሠራ ሆኖ ከእኛ 220 ጋር ሳይስማማ መጋዘን የሚቀርበት ጊዜ አለ። ፎቶው ግን ተነስቷል! ለእናቶች ማቆያ የገንፎ ዱቄት፣ ማገዶ፣ ለአምቡላንሱ ነዳጅ ስንል ስብሰባው ጭጭ ይላል።

ማቆያ ምን እንደሚሠራ ላሳያችሁ፤ ጉራጌ ውስጥ አጣጥ ሆስፒታል አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በግቢው የእናቶች ማቆያ ከፈተ። ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም መንታ ያረገዘች እናት ምጥ ሳይጀምራት ስንቋን ይዛ ትመጣና አስታማሚዋ እያበሰለችላት ትሰነብታለች። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለው መዝገብ ሲመረመር፣ ከ24,148 ወላዶች 6,805ቱ በማቆያው የቆዩ ነበሩ። ከእነዚህ የሞቱት ከ100,000 ሲሰላ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ንጽጽሩ ፍጹም ነው አልልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ጠንቶባቸው፣ በቃሬዛ ተጭነው የደረሱ ናቸው። ማቆያው የተሠራውም ያንን መንገድ ለማስቀረት ነው።

በአገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት በ2003 ዓ.ም. ከ100 ወደ 10 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። የቀሩት እናቶች ለምን አልመጡም ብላችሁ ስትጠይቁ ሁልጊዜ «አላወቁም» አትበሉ። ማወቁንማ እናቲቱ ታውቃለች። ልጆቹን ማን ያብላ? ላሟን ማን ይለብ? ባሏ ማሳ ላይ ነው። የእሷን ላም ለሦስት ሳምንት የምታልብላት ጎረቤት፣ ለእኔ፣ ከሆስፒታሉ ትልልቅ ለጋሾች አንዷ ናት። ስሟ ግን እብነ በረድ ላይ አይጻፍም፤ ደረሰኝም አይቆረጥላትም። እኛ ቦርድ ላይ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለውን ልግስና መቁጠሪያ የለንም፤ እናንተ ግን ቤት ለቤት ስትሄዱ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ በተመደባችሁበት ቦታ ከኃላፊው ቀጥሎ የእድሩን ዳኛና ቡና የሚጠራሩትን እናቶች ተዋወቁ። ለአንዲት ነፍሰ ጡር ቤቷን የሚጠብቅላት ሰው እንዲገኝ ጠይቁ። እህል ሲገባ በመኸር ጠይቁ፤ ክረምት ላይ የእኔም ጎተራ ባዶ ነው። የተሰጣችሁን ጽፋችሁ በማቆያው በር ላይ ለጥፉት፤ ስንት ኩንታል ዱቄት ገባ፣ ስንት እናት በላች፣ ምን ያህል ቀረ። ሲያልቅም «አልቋል» ብላችሁ ጻፉ፤ አትፈሩ። ዱቄቱ የት እንደገባ ያላየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ጆንያውን አያወጣም። እኔም አላወጣም።