ዳገቱን አይቼ ነው የምመርጠው

(በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከጡረታ በኋላ ምን እየሠራህ እንደሆነ ንገረን» ሲለኝ መጀመሪያ ያየሁት ከእኔ በፊት የሚናገሩትን ሰዎች ዝርዝር ነው። አንዱ በትውልድ መንደሩ ትምህርት ቤት አሠርቷል። አንዷ የቡና እርሻ ከፍታለች። እኔ ባቡር እነዳለሁ፤ ሳሎኔ ውስጥ፣ በኮምፒውተር። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ባለቤቴም ትስቃለች። ማታ ማታ ሻይ ይዛልኝ ስትመጣ «ዛሬ ደግሞ የት አገር ነህ?» ነው የምትለኝ።

ነገሩ ጌም ነው፤ የባቡር ሲሙሌተር ይባላል። በዓለም ላይ ያለ እውነተኛ መስመር ከነጣቢያው፣ ከነዋሻው፣ ከነኩርባው ተሠርቶ ይቀርብላችኋል፤ ነጂው እናንተ ናችሁ። ምልክት ታከብራላችሁ፣ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ በሰዓቱ ጣቢያ ትገባላችሁ። መስመሮቹ ግን አብዛኞቹ በየተራ ነው የሚሸጡት፤ ከዚህ አገር ሆኖ በዶላር መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የሚገዙልኝ ጀርመን ባለችው የእህቴ ልጅ በኩል ነው። እሷም በዓመት ሁለት ብቻ ትፈቅድልኛለች፣ ያውም ቅናሽ ሲኖር። ስለዚህ የቱን መስመር ልምረጥ የሚለው እኔ ቤት ቀልድ አይደለም፤ ሳምንታት ይፈጃል።

ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠራ አስቀድሜ ልናገር።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው ፈጣኑን ነው። እኔም የጀርመኑን የካስል–ቩርትስቡርግ መስመር ነድቼዋለሁ፤ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ሙሉ በሙሉ በ1991 የተከፈተው የሐኖቨር–ቩርትስቡርግ መስመር ክፍል ነው። ላንድሩከን የሚባለው ዋሻው ወደ 10.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በጀርመን ረጅሙ ነው። ድንቅ ምሕንድስና ነው፣ አልክድም። ነገር ግን እዚያ መስመር ላይ ምን ያህል መፍጠን እንዳለብህ በሐዲዱ መሐል የተዘረጋው ኬብል ይነግርሃል። ያንተ ድርሻ እንዳልተኛህ ለማሳየት በየግማሽ ደቂቃው ፔዳሉን ለቀቅ አድርጎ መልሶ መርገጥ ነው። ሁለት ማታ ነዳሁት፤ በቃኝ።

እኔ የመስመር ዝርዝር ስከፍት ፎቶውን አልፈዋለሁ። በረዶ የለበሰ ተራራ ሁሉም አለው። የማየው ዳገቱ ከሺህ ስንት እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ የሐዲዱን ስፋት፤ ከዚያ ፍሬኑን። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ነጂ ነበር። የሸመንደፈር ልጅ ነኝ ማለት ነው። ያ መስመር ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ነው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ፣ ርዝመቱ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በመካከሉም ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ሲሄድ መልሶ ይወርዳል። አባቴ ከአዋሽ ሲመለስ መጀመሪያ ሻይ ነው። ሻዩን ሳይጨርስ ማንም አያናግረውም፤ እናታችንም እንኳ። ስለ ሥራው ብዙ አላወራንም። አንድ የምትታወሰኝ ንግግር አለችው፦ «ዳገት የሚፈትነው ባቡሩን ነው፤ ቁልቁለት ነጂውን።»

እዚህ ግቢ ሲቪል ስማር ዳገትን በቀመር ተማርኩት። 100 ቶን የሚመዝን ባቡር ከሺህ 10 በሆነ ዳገት ላይ 1 ቶን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ከሺህ 60 በሆነው ላይ 6 ቶን። ፈተናውንም አልፌዋለሁ። ቀመሩ ግን እጅ የለውም። አባቴ ዝም ብሎ የሚጠጣው ሻይ ውስጥ ምን እንደነበረ ለማወቅ የእሱን መስመር መንዳት ነበረብኝ፤ የእሱ መስመር ደግሞ ከሚሸጡት መካከል የለም። ታዲያ ምን ላድርግ? የእሱን የሚመስል ፍለጋ አገር ላገር መዞር ጀመርኩ።

እስካሁን ካገኘሁት ሁሉ የሚቀርበው የስዊዘርላንዱ ነው፤ ከኩር ወደ አሮሳ የሚወጣው። በ1914 የተከፈተ፣ ስፋቱ ልክ እንደ እኛው አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከ585 ሜትር ተነሥቶ ወደ 1,740 ሜትር ይወጣል፤ ዳገቱ እስከ ከሺህ 60 ይደርሳል፣ ያውም ያለ ጥርስ፣ በተራ ሐዲድ። ሲነሣ በከተማው አውራ ጎዳና ላይ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ነው። ላንግቪስ የሚባል የአርማታ ድልድይ አለው፣ 62 ሜትር ከፍታ ያለው፤ የኮንክሪት መምህራን ብታዩት ትወዱታላችሁ። አንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ መብራት ካልጠፋ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። (አንድ ቀን ዋሻ ውስጥ እንዳለሁ ጠፍቶብኝ ከእውነተኛው የበለጠ ጨለመ።)

መውጣቱ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ይሠራል፣ አንተ ትመለከታለህ። ሥራው ያለው መውረዱ ላይ ነው። ኩርባ ካለፈ በኋላ ፍሬን ብትይዝ ዘግይተሃል። ገና ሳታየው፣ ከኩርባው በፊት መያዝ አለብህ፤ ማለትም መስመሩን በቃልህ ማወቅ አለብህ። ኩር ስደርስ ትከሻዬ ደርቆ ነበር። ባለቤቴ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሻዩን እስክጨርስ አልመለስኩላትም።

ስለ ፍሬን የተማርኩት ግን ከአሜሪካው ነው፤ ሳንድ ፓች ከሚባለው። በሜሪላንድ ካለችው ከምበርላንድ ተነሥቶ በፔንስልቬንያ የአሌጌኒን ተራሮች የሚያቋርጥ የጭነት መስመር ነው። የአሜሪካ ጭነት ባቡር የአየር ፍሬን አንድ ጠባይ አለው፦ ማጥበቅ በጥቂት በጥቂቱ ይቻላል፣ ማላላት ግን ሁሉንም በአንዴ ነው። አንዴ ከለቀቅክ የእያንዳንዱ ፉርጎ የአየር ጋን እንደገና መሞላት አለበት፤ የሚሞላውም በዚያው በአንዱ ቧንቧ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ቁልቁለት ላይ እየያዙ እየለቀቁ መሄድ ማለት ጋኑን ባዶ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚይዝ ነገር የለም። ስለዚህ ፍጥነትህን የምትወስነው ከጫፉ ላይ፣ ገና መውረድ ሳትጀምር ነው። የአውሮፓ የመንገደኛ ባቡር ፍሬን በአንጻሩ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ነጂውን ይምረዋል። ይህን በመጽሐፍ ባነበው ኖሮ ገጹን ገልጬ አልፈው ነበር።

የእንግሊዙን የሴትል–ካርላይልን የመረጥኩት በእንፋሎት ለመንዳት ነው። በ2001 ከወጣው የማይክሮሶፍት ጌም ስድስት መስመሮች አንዱ ነበር። ዳገቱ ከሺህ 10 ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለ25 ኪሎ ሜትር ያህል አያቋርጥም። እንግሊዞቹ «ረጅሙ ጉተታ» እንደማለት ነው የሚጠሩት። በእንፋሎት የምትነዳው አሁን ያለህበትን ቦታ ሳይሆን ከሩብ ሰዓት በኋላ የምትደርስበትን ነው፤ ከሰሉን ዛሬ ካልጨመርክ እንፋሎቱ ነገ የለም እንደማለት። ይህ መስመር በ1980ዎቹ ሊዘጋ ነበር። ከ22 ሺህ በላይ ተቃውሞ ገባ፤ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ በመዳፉ የፈረመ ውሻ ነው። በ1989 መንግሥት ሐሳቡን ተወው።

በዚያው ጌም ውስጥ ሌላ አለ፤ የጃፓኑ ሂሳትሱ፣ በኪዩሹ ደሴት ተራሮች ውስጥ። ስፋቱ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአባቴ ሐዲድ የሚበልጠው በስድስት ሳንቲም ተኩል ገደማ። ኦኮባ የምትባል ጣቢያ ትደርሳለህ፤ መንገዱ እዚያ ያልቃል። ነጂው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ባቡሩን ወደ ኋላ ይዞ ይወጣል፣ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ተራራውን ክብ ዞሮ ከራሱ ሐዲድ በላይ ይወጣል። በሐምሌ 2020 ትልቅ ጎርፍ መስመሩን ብዙ ቦታ ቆረጠው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ተራራ ለዓመታት ባቡር አላለፈም። እኔ ግን ባለፈው ሐሙስ ማታ አልፌበታለሁ። ኮምፒውተሩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ፤ አንድ ሰው ከጎርፉ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ኩርባ ባይቀርጸው ኖሮ እያልኩ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ፤ ኮሚቴው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው።

ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ያለውን አሮጌውን መስመር ራሴ መሥራት ጀምሬአለሁ። ኦፕን ሬይልስ የሚባል ነፃ ሲሙሌተር አለ፤ ለድሮው ለማይክሮሶፍቱ ጌም የተሠሩ መስመሮችን ያስኬዳል። የመሬቱ ከፍታ ከሰማይ ተለክቷል፤ በ2000 የናሳ መንኮራኩር የለካው መረጃ በነፃ ይገኛል። ይህ ቀላሉ ነው። መንኮራኩሩ የማያውቀው ነጂው ፍሬኑን የት ላይ እንደሚይዝ ነው። ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ሄጄ የአባቴን የሥራ ባልደረባ አገኘሁ፤ ሰማንያዎቹን አልፈዋል። ጋሼ፣ እዚህ ኩርባ ላይ ስንት ነበር የምትሄዱት ብላቸው ወረቀቱን ገፍተው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መስመሩን ሳሉልኝ፤ ከኩርባው በፊት አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አቁመው «እዚህ» አሉኝ። ካርታው ላይ እዚያ ቦታ ምንም የለም። አሁን በእኔ መስመር ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ።

እንደ እሳቸው ያሉት እየቀነሱ ነው። የሲቪል ክፍል መምህራን እዚህ አላችሁ፤ በየዓመቱ ተማሪ ለቅየሳ ልምምድ ታወጣላችሁ፤ አንድ ዓመት ወደዚያ ብታወጡልኝ ጣቢያዎቹን፣ ድልድዮቹን፣ ማለፊያ ሐዲዶቹን ይለካሉ። ከእናንተ ውስጥም አባቱ፣ አጎቱ፣ አያቱ ምድር ባቡር የሠራ አለ፤ ስማችሁን ሳልጠራ የማውቃችሁ አራት አላችሁ። የሰዓት ሰሌዳ፣ የፍጥነት ገደብ ወረቀት፣ የጣቢያ ንድፍ፣ ፎቶ፣ ምንም ይሁን፤ ሣጥን ውስጥ ካለ ለአንድ ቀን አውሱኝ፣ አንሥቼ እመልሳለሁ። በሕይወት ካሉ ደግሞ ስልካቸውን ብቻ ስጡኝ። ድምፅ መቅጃውን ይዤዋለሁ። በምሳ ሰዓት ከአዳራሹ ውጭ፣ ጄነሬተሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ።