ጋራ ሥር ያለ ቤት፦ የአንድ የፍቅር ዘፈን አሠራር እና ከሸክላው ላይ የጠፉ ስሞች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር፣ በዊንጌት የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዚህ ዓመት ገለጻ በዊንጌት እንዲደረግ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ምክንያቴ ሳይንሳዊ አይደለም። ዛሬ የምናገርለት ዘፈን «ጋራ ሥር ነው ቤትሽ» ይባላል፤ ተሾመ ምትኩ ከሶል ኢኮስ ባንድ ጋር የተጫወቱት ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ከዚህ ወደ ላይ ሲወጡ፣ የእንጦጦ ዳገት ከሚጀምርበት ሥር ነው። በልጅነቴ ዘፈኑ ስለ ሠፈራችን የተዘፈነ ይመስለኝ ነበር። የእንጨት ሸክም ተሸክመው ከጋራው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ያቺ የተዘፈነላት ሴት ትሆን እያልሁ አስብ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በባትሪ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው። ሰው ሁሉ በጊዜ ቤቱ ሲከተት፣ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያቺን አንዲት ሸክላ ደጋግሞ ያሰማን ነበር። እናታችን «ባትሪውን ጨረስከው» ትለዋለች እንጂ ዝጋው አትለውም። በሸክላዋ መካከል ያለው ክብ ወረቀት ከእጅ ብዛት ተፍቆ ነጥቷል፤ የዘፋኙም፣ የባንዱም፣ የአሳታሚውም ስም አይነበብም። ወንድሜ አገር ጥሎ ሲሄድ ሸክላዋ ለእኔ ቀረች። እንግዲህ ይህን ዘፈን መጀመሪያ ያወቅሁት ስም አልባ ሆኖ ነው።

የዛሬው ሐሳቤ ከዚያ ከተፋቀ ወረቀት የሚነሣ ነው። የፍቅር ዘፈን የአንድ ልብ ድምፅ መስሎ ይሰማል፤ አሠራሩን ስንመረምር ግን የብዙ እጆች ሥራ ነው። እኛ የታሪኩ ጸሐፊዎች የሙዚቃችንን ታሪክ የዘፋኞች ታሪክ አድርገን በመጻፋችን፣ ጊዜ በወረቀቱ ላይ ያደረሰውን መፋቅ በመጻሕፍታችን ደግመነዋል። ይህን ለማስረዳት በሦስት ነገሮች ላይ እቆያለሁ፦ በባንዱ፣ በግጥሙ እና በቀረጻው።

ከባንዱ ልጀምር። ዘመናዊ ሙዚቃችን ያደገው በተቋማት ጉያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ማለትም «አርባ ልጆች»፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱን የማርሽ ሙዚቃ ተጫወቱ። ከዚያም በየጊዜው የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊሱ፣ የሀገር ፍቅሩና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትሩ የሙዚቃ ክፍሎች ተነሡ። በእነዚህ ቤቶች ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ አብዛኛውም የደንብ ልብስ ለባሽ ነው። ዘፈን የሚሠራው በሥራ ክፍፍል ነው፤ ግጥም የሚጽፍ አለ፣ ዜማ የሚያወጣ አለ፣ ለመሣሪያዎቹ የሚያቀናብር አለ። ዘፋኙ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ሕዝቡ የሚያየው ግን እርሱን ብቻ ነው።

በ1960ዎቹ ማብቂያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሁኔታው ተለወጠ። ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች የራሳቸውን አነስተኛ ባንዶች ፈለጉ። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ይዘዋቸው ከመጧቸው ሸክላዎችና በአሥመራ ከነበረው የቃኘው የአሜሪካ የጦር ሠፈር ሬዲዮ የሚመጣው አዲስ ድምፅ ወጣቱን ማረከው። ሶል ኢኮስ የዚህ ጊዜ ልጅ ነው፤ ስሙም ራሱ የአሜሪካ ጥቁሮችን የሶል ሙዚቃ ይጠራል። ከተቋም ጥገኝነት ወጥተው ሥራቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ቀደምት ባንዶች አንዱ ነው። ድምፃዊው ተሾመ ምትኩ ሲሆኑ፣ ወንድማቸው ቴዎድሮስ ምትኩ ሳክስፎን ይጫወቱ ነበር። የኦርኬስትራው የነፋስ መሣሪያዎች ሠልፍ በጥቂት ሰዎች ተተካ፤ ቤዝ ጊታርና ድራም ከፊት መጡ። ሰው ሲያንስ የእያንዳንዱ ድርሻ ይበዛል። በሃያ ሰው መካከል ቤዝ ተጫዋቹ ቢሳሳት ላይሰማ ይችላል፤ በስድስት ሰው መካከል ግን ዘፈኑ ይወድቃል። በነዚህ ትንንሽ ባንዶች እያንዳንዱ ተጫዋች በተግባር የዘፈኑ ደራሲ ተካፋይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ግጥሙ ልለፍ። ሙሉውን ግጥም ሳንነካ ርእሱ ብቻ ብዙ ይነግረናል። ተማሪዎች፣ ቀለሞቹን ከእኔ ጋር ቁጠሩ፦ ጋ፣ ራ፣ ሥር፣ ነው፣ ቤ፣ ትሽ። ስድስት ናቸው። የወል ቤት የምንለው፣ በሕዝብ ግጥማችን እጅግ የተለመደው ምጣኔ፣ ስድስትና ስድስት ሆኖ በአሥራ ሁለት ቀለም የሚሄድ ስንኝ ነው። ርእሱ እንግዲህ የአንድ የወል ቤት ስንኝ እኩሌታ ያህል ይመዝናል። ጊታሩ ከባሕር ማዶ ቢመጣም፣ የቃሉ ልክ የእረኛውና የአዝማሪው ልክ ነው።

ሁለተኛው ነገር አነጋገሩ ነው። በርእሱ ውስጥ ፍቅር የሚል ቃል የለም። ያለው አድራሻ ነው። አማርኛ ወዳድን የሚያነሣው በቦታ ነው፤ ጋራ፣ ማዶ፣ ወንዝ፣ ቆላ ይላል። ማህሙድ አህመድም «አባይ ማዶ» የሚል ዘፈን አላቸው። «ቤትሽን አውቀዋለሁ» ማለት «ወደ አንቺ የሚያደርሰውን መንገድ በልቤ ሄጄበታለሁ» ማለት ነው። ርቀቱ ሲነገር ናፍቆቱ ሳይነገር ይታወቃል። በዚህ የተነሣ ጋራ ሥር የኖረ ሁሉ ዘፈኑን የራሱ ያደርገዋል። ልጅ ሳለሁ ስለ እንጦጦ የተዘፈነ የመሰለኝ በሞኝነት ብቻ አልነበረም፤ ቃሉ የተሠራው እንዲያ እንዲመስል ነው። እዚህ ያላችሁ ከወሎ ወይም ከጎንደር የመጣችሁም የራሳችሁን ጋራ እንዳሰባችሁ አልጠራጠርም።

ሦስተኛው ቀረጻው ነው፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ከሕግ ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል አልፎም የከተማው ሙዚቃ በየምሽቱ ሲፈላ፣ በሸክላ የሚቀረጸው ግን ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባሉ፣ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ ያለ ወጣት ያን ብቸኛ መብት ተዳፍረው የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሸክላቸው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ «ትማርኪያለሽ» የተባለው የፍቅር ዘፈን ያለበት። ለእስር ሊዳርጋቸው ይችል ነበር፤ አልዳረጋቸውም። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። የሶል ኢኮስ ድምፅ ለእኛ የደረሰው በዚህ በተከፈተ በር በኩል ነው።

በዘመኑ እንደ ዛሬው እያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻ ቀርጾ በኋላ ማዋሐድ የለም። ባንዱና ዘፋኙ በአንድ ክፍል ተሰብስበው፣ በጥቂት ማይክሮፎን ፊት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ይጫወታሉ። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራሉ። ዘፋኙ ለድምፁ ሲል መድገም ቢፈልግ የድራሙ ክንድ መቻል አለበት። የነጠላ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በክበብ ውስጥ ሩብ ሰዓት ሊለጠጥ የሚችል ዘፈን እዚያ መጠን ውስጥ መግባት ነበረበት። ምን ይቆረጥ፣ ሳክስፎኑ የት ይግባ፣ ስንኙ ስንቴ ይደገም የሚለው ሁሉ በዚያ ጥበት የተወሰነ ነው። ከዚያም ቴፑ ባሕር ይሻገራል። የአምሃ ሪከርድስ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የታተሙት በህንድ ነበር፤ በኋላ ሥራው ወደ ቤይሩት ዞረ። የአዲስ አበባ የፍቅር ዘፈን ለአዲስ አበባ ሰው የሚደርሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲመለስ ነው።

ዘፈኑ ሲመለስ ግን ዘፋኙ ብዙ አልቆዩም። ተሾመ ምትኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ከአገር ወጥተው ወደ ስካንዲኔቪያ ሄዱ፤ ለረጅም ዓመታትም በዚያ ኖሩ። አምሃ እሸቴም ከአብዮቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ወንድሜ ሸክላዋን ሲያሰማን ዘፋኙም አሳታሚውም ከአገር ውጭ ነበሩ። ቤቱ ጋራ ሥር ነው፤ የዘፈኑት ሰዎች ግን ማዶ ናቸው። ወንድሜም ተከተላቸው። እናቴ ሸክላዋን ከዚያ ወዲያ አጫውት ብላኝ አታውቅም፤ በአቧራ መጥረጊያ ግን ትጠርጋት ነበር።

አሁን ወደ ስሞቹ እመለስ። ሕጋችን ደራሲን አያውቅም ነበር እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሥራ አመንጪው በስሙ የመጠራት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ለከዋኞችም የሃምሳ ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል። ሃምሳ ዓመት ብዙ ይመስላል። ከ1969 ብትቆጥሩ ግን አልፏል። የገንዘቡ መብት ሊያበቃ ይችላል፤ ስም የመጥራት ግዴታ ግን በዓመት አይለካም። መንግሥት ለራሱ ሲሆን ይህን ያውቅበት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማውን ኬቮርክ ናልባንዲያን እንደ ሠሩት ማንኛውም የታሪክ ተማሪ ይመልሳል። ለፍቅር ዘፈን ግን እንዲህ ያለ መልስ አላዘጋጀንም።

ጥፋቱን ወደ ሌላ አልገፋም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ዘፈን በክፍል ውስጥ አሰምቼ ስለ ዘፋኙ አንድ ሰዓት ሙሉ ካስተማርሁ በኋላ፣ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ቤዙን የሚጫወተው ማን ነው?» አለችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርሁበት ማስታወሻዬ ውስጥ መልሱ አልነበረም። ፈልጌው ስለማላውቅ ነው። ጆሮዬ በልጅነቱ የለመደው ያ የቤዝ ድምፅ ነው፤ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ ሲያደርገው በግድግዳው በኩል የሚያልፈው እርሱ ነበርና። ያሳደገኝን ሰው ስም አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

የምንገኝበትን ሠፈር ስም አስቡ። ዊንጌት የተባለው እ.ኤ.አ. በ1946 በተከፈተው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱም በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል በገቡት በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ስም ተሰየመ። መኮንኑን ያላየ የታክሲ ረዳት ስማቸውን በቀን መቶ ጊዜ ይጠራል። ስም የሚኖረው የሚጠራው ሲኖር ነው። ለሙዚቀኞቻችን መንገድ ይሰየምላቸው አልልም፤ በምንጽፈው የግርጌ ማስታወሻ ግን እንጥራቸው።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ ይህ ነው። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021፣ በጥቂት ወራት ልዩነት አረፉ። የቀሩት አዛውንቶች ናቸው። በየቤታችሁ ሸክላ ካለ የመሐሉን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሡ፤ ሳይፋቅ። በሠፈራችሁ መለከት የነፋ፣ ድራም የመታ፣ ለዘፋኝ ግጥም የሰጠ አባት ወይም እናት ካሉ፣ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ አድምጧቸው፤ ማን የት እንደ ቆመ፣ ማን እንደ ተሳሳተ፣ ስንት ጊዜ እንደ ደገሙት ጠይቋቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣሁ የሚለኝ ተማሪ ከዛሬ በኋላ ምክንያት የለውም።

እዚህ የተገኛችሁ የሠፈሬ ሰዎችም፣ ከእናንተ መካከል የምትነግሩን ያላችሁ እንደማትጠፉ አምናለሁ። ቤታችሁን እናውቀዋለን፤ ጋራ ሥር ነው። እንመጣለን።