ማታ ማታ የሚያሳክክ ገላና ቀን ቀን የሚወራ ወሬ
(ባሕር ዳር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

ስለ ኤች አይ ቪ እንድናገር ተጋብዤ ስለ እከክ ልጀምር ነው። አትሳቁ፤ ወይም ሳቁና ስሙኝ። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ስትገቡ ጣታችሁ መካከል፣ ወገባችሁ ላይ ማከክ የምትጀምሩ እጃችሁን አውጡ ብላችሁ አንድም ሰው አያወጣም።

እኔ ሶሺዮሎጂ ተምሬ በማኅበራዊ አገልግሎት የምሠራ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ግን አንድ ልጅ ቆዳው ሽፍ ሲልበት ቀድሞ የሚመረምረው ሐኪም ሳይሆን ወሬ መሆኑን ነው። «ሰውነቱን አየህ? እሱ እኮ አለበት» ይባላል። አብሮት የሚቀመጠው ቦታ ይቀይራል። ልጁም በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት ሹራብ ለብሶ ይመጣል፤ ቀጥሎ መቅረት ይጀምራል።

የሚያሳክክ ነገር ብዙ ነው፤ ችፌም ጭርትም አለ። አብሮ የሚኖር ሰው ሁሉ ማታ ማታ የሚያከክ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ከ370 ሺህ በላይ ሰው በእከክ ተይዞ ተገኝቷል። የዚህን ያህል ሰው ነውር የሚባል ነገር አለ እንዴ?

በሽታውን የምታመጣው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የምታንስ ተባይ ናት። ሴቷ ቆዳ ውስጥ ቦይ እየቆፈረች በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። የሚያሳክከን ሰውነታችን በተባይዋና በእንቁላሏ ላይ ሲቆጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ታዲያ ይህ ቁጣ እስኪመጣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ እስከዚያ ምንም ሳይሰማው ለሌላው ያስተላልፋል። ከገጠር መጥታችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ቤት የተከራያችሁ፣ በአንድ ፍራሽ የምትተኙ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። አንዱ ታክሞ ሌሎቹ «እኔን አላሳከከኝም» ካሉ በወሩ ይመለሳል። አብሮ የሚኖር ሁሉ የሚታከመው በአንድ ቀን ነው።

ፐርሜትሪን የሚባለው ቅባት ማታ ከአንገት በታች መላ ሰውነት ይቀባል፤ በጣቶች መካከል፣ ጥፍር ሥር፣ እምብርት፣ ብልት አካባቢም ሳይቀር። ጠዋት ይታጠባል፣ በሳምንቱ ይደገማል። የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን ስለማይሰጥ ጤና ባለሙያ ይዘዘው። ልብሱና አንሶላው በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ የማይታጠበው ፌስታል ውስጥ ታስሮ ሳምንት ይቆይ። ተባይዋ ከገላ ውጭ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ብዙም አትኖርም።

ላምባ መቀባት ይቅርባችሁ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ከጓደኛ የምትዋሱት ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ ማሳከኩን ለጊዜው አብርዶ በሽታውን ይደብቃል። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። «እከክ አይገድልም» ብሎ መተውም አያዋጣም፤ በጥፍር የተላጠ ቆዳ ሲመግል ኩላሊት እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ኤች አይ ቪ። ወሬው ከምንም አልተነሳም። ሳይታከም የቆየና የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው እጅና እግሩ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል፤ እከክም ቢይዘው ሊብስበት ይችላል። ነገር ግን ኤች አይ ቪ በጤነኛም ቆዳ ሥር አለ፣ እከክም ቫይረሱ በሌለበት ሰው ላይ አለ። የሚለየው በምርመራ ብቻ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው አቅሙ ሲመለስ ቆዳውም ይመለሳል። በነገራችን ላይ እከክ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜም ይተላለፋል፤ የሚተላለፈው ገላ ለገላ በመነካካት ስለሆነ ኮንዶም አያስቀረውም።

ጣና ዳር ያደጋችሁ ደግሞ ሌላ ማሳከክ ታውቃላችሁ። ዋኝታችሁ ስትወጡ ወዲያው ወይም በሰዓታት ውስጥ ውኃ የነካው ገላችሁ ቢበላችሁ፣ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ቆዳ የሚበሳው የቢልሃርዚያ እጭ ሊሆን ይችላል። ይሄኛው አታላይ ነው። ማሳከኩ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፣ ትሉ ግን አንጀት አካባቢ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሰገራ ተመርመሩ፤ ፕራዚኳንትል የሚባል መድኃኒት አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። እከክ ከታከመ በኋላም ማሳከኩ እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ በየቀኑ አትቀቡ። ከዚያ ካለፈ ወይም አዲስ ሽፍታ ከወጣ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ።

ጥያቄ ያላችሁ በብጣሽ ወረቀት ጻፉና ወደፊት አሳልፉ። ስም አያስፈልግም።