«ሶሻልዎን ይስጡኝ» ሲባል
(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን እንደ ወትሮው ስለ ገቢና ወጪ ወይም ስለ አዳራሽ ኪራይ አይደለም። ሁላችንም በኪሳችን ወይም በመሳቢያችን ስለያዝናት ዘጠኝ አኃዝ ስላላት ቁጥር ነው። በመጨረሻም ኮሚቴው ራሱ በዚህ ረገድ ስለፈጸመው ስሕተት የምንናገረው አለን።

ቡፎርድ ሃይዌይን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በብሩክሄቨን፣ በቻምብሊና በዶራቪል በሚያልፈው በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ታክስ የሚሠራው፣ ስልክ የሚሸጠው፣ መኪና በዱቤ የሚሰጠው፣ ጥርስ የሚያክመው፣ አፓርትመንት የሚያከራየው ሁሉ ተደርድሯል። የሜክሲኮው፣ የኮሪያው፣ የቬትናሙም ሆነ የእኛ ሰው ወደ አንዱ ጎራ ሲል የሚቀርብለት ፎርም ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ ያቺን ቁጥር የሚጠይቅ ቦታ አለው። አዲስ የመጣ ወገናችን ደግሞ ፎርም ላይ ባዶ ቦታ መተው ነውር ይመስለዋል። አገር ቤት የቀበሌ ፎርም ባዶ መተው ጣጣ ያመጣ ስለነበር፣ ይህ ልማድ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል።

ቁጥሩ ሲጀመር እንዲህ ለሁሉ እንዲሰጥ የታሰበ አልነበረም። የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1935 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተፈርሞ፣ ቁጥሩ መታደል የጀመረው በኅዳር 1936 ነው። ዓላማው የሠራተኛውን ደመወዝ መዝግቦ በኋላ ጡረታውን ለማስላት ብቻ ነበር። እንዲያውም ከ1946 ጀምሮ በታተመው ካርድ ላይ «ለመታወቂያነት አይደለም» የሚል ቃል ሰፍሮ ነበር፤ ያ ቃል የተነሣው በ1972 ነው። በመሐሉ ግን የታክስ መሥሪያ ቤቱ ከ1962 ጀምሮ ቁጥሩን ወስዶ ተጠቀመበት፤ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ኢንሹራንሱም ተከተለ።

አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1938 በኒው ዮርክ ስቴት ሎክፖርት በምትባል ከተማ የነበረ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ፣ ካርዱ ቦርሳው ውስጥ በልክ እንደሚገባ ለማሳየት ብሎ በእያንዳንዱ ቦርሳ ውስጥ የናሙና ካርድ አስገባ። ናሙናው ላይ የታተመው ግን የአንዲት የፋብሪካው ጸሐፊ እውነተኛ ቁጥር ነበር። ካርዱ ከእውነተኛው ያነሰና «ናሙና» ተብሎ በቀይ የተጻፈበት ቢሆንም፣ ቦርሳውን የገዙ ሰዎች ቁጥሩን የራሳቸው አድርገው ያዙት። በ1943 ብቻ 5,755 ሰዎች ይሠሩበት ነበር፤ በዓመታት ውስጥ ከ40,000 በላይ ሰዎች የእኔ ነው ብለውታል። እስከ 1977 ድረስ እንኳ አሥራ ሁለት ሰዎች አልለቀቁትም ነበር። ሴትየዋ አዲስ ቁጥር ተሰጣት እንጂ ምንም አላጠፋችም።

የዚህ ጉዳይ ትልቁ ምዕራፍ የተጻፈው ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። በ1899 ሁለት ወንድማማቾች በአትላንታ ሪቴይል ክሬዲት የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። ሥራቸው ማን ዕዳውን በጊዜ እንደሚከፍልና ማን እንደሚያዘገይ መዝግቦ ለነጋዴ መሸጥ ነበር። ሰፈራችን የነበረው ባለሱቅ ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጠው የነበረው የዱቤ ደብተር ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ባለሱቅ ደብተሩን ለሌላ ሰፈር አለመሸጡ ነው። ይህ ኩባንያ በ1970ዎቹ ስሙን ለውጦ ኢክዊፋክስ ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ በፒችትሪ ጎዳና ነው። በ2017 ከግንቦት እስከ ሐምሌ ድረስ ሰርጎ ገቦች መዝገቡ ውስጥ ሲመላለሱ ከረሙ። ኩባንያው ነገሩን ለሕዝብ የገለጠው መስከረም 7 ቀን ነበር። ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወጣ። የተሰበረው ቀዳዳ መድኃኒቱ ከመጋቢት ጀምሮ የታወቀ ነበር። በ2019 ኩባንያው እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ ከኢክዊፋክስ በ1997 የተገነጠለውና መቀመጫውን አልፋሬታ ያደረገው ቾይስፖይንት የተባለ ኩባንያ፣ ነጋዴ መስለው ለቀረቡ አጭበርባሪዎች ከ160,000 በላይ ሰዎችን መረጃ ሸጦ መገኘቱ በ2005 ይፋ ሆኗል። ይህኛው እንኳን በር ሰብሮ የገባ ሌባ አይደለም፤ ሒሳብ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ነው የወጣው።

ታዲያ ማን ሊጠይቀን ይችላል? አሠሪ ደመወዛችንን ለመንግሥት ማስታወቅ ስላለበት ቁጥሩን ማግኘት አለበት። ባንክም እንዲሁ፤ ከጥቅምት 2003 ጀምሮ ሒሳብ የሚከፍትን ሰው ማንነት እንዲያጣራ በሕግ ታዟል። ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ ስትከፍሉም ሻጩ ፎርም መሙላት ግዴታው ነው። ታክስ የሚሠራላችሁም ያለ ቁጥሩ ሊሠራ አይችልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ በ1974 የወጣው ሕግ መስጠቱ ግዴታ ይሁን በፈቃድ፣ በየትኛው ሥልጣን እንደሚጠይቅና ለምን እንደሚውል እንዲነግራችሁ ያስገድደዋል።

የግል ነጋዴ ግን በዚህ ሕግ አይያዝም። መጠየቅ ይችላል፤ እናንተም እምቢ ማለት ትችላላችሁ፤ እሱም በተራው አላስተናግድም ሊል ይችላል። እኛ እንዳየነው አብዛኛው የጥርስ ሐኪም ቤት ቦታውን ባዶ ብትተዉት ዝም ብሎ ያልፈዋል። የመብራትና የስልክ ድርጅትም ብዙ ጊዜ በቁጥሩ ፋንታ ዲፖዚት ይቀበላል። አከራይ ክሬዲታችሁን ማየት ስለሚፈልግ ይጸናል፤ እሱንም ቢሆን ወረቀቱን ማን እንደሚያየውና ሲያበቃ የት እንደሚያደርገው መጠየቅ ስድብ አይደለም። «ለምን ፈለጋችሁት? ሌላ መታወቂያ አይሆንም?» ማለት በእንግሊዝኛም በአማርኛም አንድ ትንፋሽ ነው።

«የመጨረሻዎቹን አራት ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚሉም አሉ። እስከ ሰኔ 2011 ድረስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ቁጥሩ የተጠየቀበትን ስቴት ያመለክቱ ነበር። እዚህ ጆርጂያ የወሰዱት የቀድሞ ሰዎቻችን ብዙዎቹ ከ252 እስከ 260 ባለው ይጀምራሉ። የት እንደወሰዳችሁት ለሚያውቅ ሰው ምሥጢሩ ያለው በመጨረሻዎቹ አራት ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ከባዕድ ነጋዴ ይልቅ ብዙ ወገኖቻችንን የጎዳው ይሉኝታ ነው። የአክስት ልጅ አዲስ ይመጣል፤ ክሬዲት የለውም፤ ስልክ ያስፈልገዋል። «በአንቺ ሶሻል አውጪልኝ፣ እኔ እከፍላለሁ» ይላል። እምቢ ቢባል ለአገር ቤት ይደወላል፣ እናት ትቀየማለች። ስለዚህ ይሰጣል። ከዚያ ስልኩ መኪና ይወልዳል፣ ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ ሚኒያፖሊስ ይሄዳል፣ ዕዳው እዚህ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የተቀያየሙ ቤተሰቦችን ለማስታረቅ ሽማግሌ ሆነን የተቀመጥንባቸውን ምሽቶች እኛ እናውቃቸዋለን። የአንዱ ዕርቅ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ለዘመድ ገንዘብ መስጠት ይቻላል፤ ገንዘብ ቢጠፋ ተሠርቶ ይመለሳል። ቁጥሩ ግን አንዴ ከወጣ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

ስሟን እንዳንጠራ የለመነችን አንዲት እህታችን ባለፈው የታክስ ወቅት ፎርሟን ስታስገባ «በዚህ ቁጥር አስቀድሞ ገብቷል» ተብሎ ተመለሰባት። ሌላ ሰው በስሟ ተመላሽ ጠይቆ ነበር። ለልጇ ትምህርት ያሰበችው ገንዘብ ለወራት ተያዘ። ፎርም 14039 የሚባለውን ሞልታ አቤት አለች። ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ በአንድ ዓመት ውስጥ ቁጥሯን የሰጠችባቸውን ቦታዎች ስትቆጥር አሥራ አንድ ደረሰች። ከየትኛው እንደወጣ እስከ ዛሬ አላወቀችም። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «አሥራ ሁለተኛው እናንተ ናችሁ» አለችን።

እውነቷን ነው። ማኅበራችን ሲመሠረት የአባልነት ፎርሙን ያዘጋጀነው የአንድ አፓርትመንት ማመልከቻ ከፊታችን አድርገን ነበር። ሳናስበው ያን ቦታ ጭምር ቀዳነው። በኋላ ምክንያት ስንፈልግለት «ለእድሩ ይጠቅማል፣ አባል ቢያርፍ ለወረቀቱ ያስፈልጋል» አልን። ለሞት የምስክር ወረቀት የሚፈለገውን ቁጥር ግን ለቀብር ድርጅቱ የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው፤ እኛ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን ከዚያ ፎርም ላይ አውጥተን አልተጠቀምንበትም። ፎርሞቹ ግን በሦስት ጸሐፊዎች ቤት ዞረዋል። አዳራሽ በለቀቅንበት ክረምት ለሁለት ሳምንት በአንዳችን መኪና ኮፈን ውስጥ ከርመዋል። ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ይቅርታም እንጠይቃለን።

ጉዳዩን በኮሚቴው ስንነጋገርበት አንድ አባታችን «እርስ በርስ ካልተማመንን ማኅበሩ ምን ሊሆን ነው?» ብለው ተቆጥተው ነበር። ቁጣቸው የሚከበር ነው። እኛ የመለስንላቸው እምነት ስለሌለ ሳይሆን፣ የማንጠብቀውን አደራ መቀበል ስለማይገባን ነው በማለት ነው። ዛሬ ያለው ኮሚቴ ቢታመን ነገ የሚመረጠውን፣ ወይም ያን የመኪና ኮፈን የሚከፍተውን ሌባ ማን ያውቃል? እሳቸው አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፤ እዚሁ ስላሉ ሐሳባቸውን ራሳቸው ይናገራሉ።

እስከዚያው ሁላችሁም ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በኢክዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ክሬዲትን ማሰር ያለ ክፍያ ነው። በስማችሁ አዲስ ዕዳ ለመክፈት የሚሞክር ሰው ይከለከላል፤ ራሳችሁ ስትፈልጉ ታስፈቱታላችሁ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ወላጅ ማሳሰር ይችላል። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ማንነቱን ላረጋገጠ ሁሉ በየዓመቱ የሚለወጥ ባለ ስድስት አኃዝ ምሥጢር ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ከሌለ በስማችሁ በኮምፒዩተር የሚገባ ፎርም ይመለሳል። እህታችን አሁን አላት። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ወጣቶቻችን በየቅዳሜው ከአማርኛ ትምህርት በኋላ አብረው ተቀምጠው ይሞላሉ።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንም ወደዚሁ መንገድ ገብተዋል። ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ቆሟል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ፋይዳ ባለ አሥራ ሁለት አኃዝ ቁጥር ሲኖረው፣ ለሰው የሚታየው ግን ሊለወጥ የሚችል ሌላ ባለ አሥራ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነው። አሜሪካ ከብዙ ጉዳት በኋላም ያላደረገችውን ነገር እዚያ ገና ከጅምሩ አስበውበታል። ሲደውሉላችሁ ባለ አሥራ ሁለቱን በስልክ እንዳይነግሯችሁ ምከሯቸው።

አሁን ለውሳኔ የምናቀርበው ይህ ነው። አዲሱ ፎርም ስም፣ ስልክና አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ብቻ ይጠይቃል። የድሮዎቹ ፎርሞች በሙሉ ዛሬ እዚህ በብረት ሣጥን ቀርበዋል። የራሱን መውሰድ የሚፈልግ አባል ከቡናው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ይቀበላል። ያልተወሰዱት ከምሳ በኋላ፣ ጉባኤው ከፈቀደ፣ ፊታችሁ በማሽን ይቆረጣሉ። ማሽኑን የተዋስነው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስለሆነ፣ ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በፊት ይሆናል።