አሬራው ተጥዷል



ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ትናንት ከተናጠው እርጎ የቀረውን አሬራ ጥጃለሁ። ቅቤው ወጥቶለታል፤ የቀረው አይቡ ነው። እሳቱ ለስለስ ማለት አለበት። ከበረታ አይቡ እንደ ላስቲክ ይጠጥራል፤ ካነሰ ከአጓቱ አይለይም። ማማሰልም አይወድም። ድስቱን በመዳፌ ዳበስ እያደረግሁ እጠብቃለሁ፤ ነጩ ቀስ ብሎ ይሰበሰባል፣ ቢጫ ቢጤው አጓት ከሥሩ ይጠራል። ከዚያ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልዬ እሰቅለዋለሁ።

እሱ ሲንጠፈጠፍ እኔ ወደ ልጄ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነኝ፤ ደመወዝ የለውም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ማኅበረሰቡ በትምህርት ቤት አመራር እንዲሳተፍ በር ከፍቷል። በበሩ የምንገባ ወላጆች ግን ጥቂት ነን፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ስብሰባ ስለ በጀት ብዙ አወራን። በመጨረሻ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ተነስታ፣ «የሴቶች መጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ የለውም፤ ጓደኛችን ውጭ ቆማ ካልጠበቀችን አንገባም» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስንት ጊዜ ተሰብስበን ማንኛችንም አላነሳነውም ነበር። እዚያው መዋጮ ተሰበሰበ። ዛሬ አናጢው ይመጣል፤ አጠገቡ ቆሜ አሠራለሁ።

ስመለስ አይቡ ጠፍፎ ይጠብቀኛል። ጎመኑን ልጄ ቀንጥሳ ትቆየኛለች።