ስለ ተራራ ብስክሌቶቻችን አያያዝና ስለ እንጦጦ መንገድ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የብስክሌት ክፍል ኃላፊዋ ያደረገችው ንግግር)



ሊቀመንበራችን ስለ ብስክሌቶቹ እንድናገር ስትጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ምክንያቱን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት ከእሱ ልጀምር፤ እሱን ሸሽጌ ስለ ጎማና ስለ ካቴና ባወራ ለራሴም አይጥመኝም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ከስድስቱ ብስክሌቶቻችን የአንዱ የፊት ፍሬን መጮህ ጀመረ። ጩኸቱ ጎረቤት ያስወጣል። ቀኑ ቅዳሜ ማታ ነው፤ እሑድ ጠዋት የሚከራዩ እንግዶች አሉ። እኔም የሚጮህ ነገር ሁሉ ዘይት ነው የጠማው ብዬ፣ የስፌት ማሽን ዘይት አምጥቼ ዲስኩ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ጩኸቱ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ እንግዶቹን እየመራች ቁልቁለቱን የወረደችው የአባላችን ልጅ የፊት ፍሬኑን ብትጨብጠው አልያዘላትም። የኋላውን ብቻ አጥብቃ ስትይዝ ጎማው ተንሸራተተባት። በደረቷና በትከሻዋ መካከል ያለው አጥንት ተሰበረ፤ ስድስት ሳምንት እጇ ታስሮ ከረመ። እናቷ እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ይህን በእናንተ ፊት እንድናገር የፈቀደችልኝ እሷ ናት፤ «ተናገሪው፣ ሌላዋም እንዳትደግመው» ነው ያለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከዚያ በኋላ መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። የዲስክ ፍሬን አሠራሩ ቀላል ነው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ቀጭን ብረት አለ፣ እሱ ነው ዲስኩ። ከግራና ከቀኝ ሁለት ትናንሽ ሸራዎች ይጨብጡታል። የሚያቆመን በሸራውና በብረቱ መካከል ያለው መፋተግ ነው። ዘይት ደግሞ መፋተግን የሚያጠፋ ነገር ነው! ሸራው ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፤ ከመጠጠ በኋላ ላዩን ብትወለውሉት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዲስኩን ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ሸራውን ግን አውጥቶ መጣልና አዲስ መግጠም ነው። ዲስኩን በጣትም አትንኩት፤ ገና ወጥ ሠርቶ የመጣ እጅ ለፍሬን ጥሩ አይደለም። ፍሬኑ ከጮኸ ቆሻሻ ገብቶበታል፣ ወይም ቡሎኑ ላልቷል፣ ወይም ሸራው ተጣሞ ተቀምጧል፣ ወይም አልቋል። ከብረቱ በላይ ያለው ሸራ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ አልቋል በሉ፤ ለእንግዳም ለልጅም አይሰጥም።

ከስድስቱ ሁለቱ ዲስክ የላቸውም፣ በጎማ ቸርኬውን የሚይዙ ናቸው። በእነሱ ላይ የምታዩት ፍሬኑ ጎማ ላይ የተቀረጹትን መስመሮች ነው። መስመሮቹ በመፋተግ ከጠፉ ይቀየራል። እነዚህን በክረምት ባናወጣቸው ይሻላል፤ የእንጦጦ ቀይ ጭቃ በፍሬኑና በቸርኬው መካከል ገብቶ ቸርኬውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር ያገኘሁት ከአደጋው በኋላ ነው። ብስክሌቶቻችን የመጡት ከተለያየ አገር ነው። ከእንግሊዝ የመጡት ሁለቱ የፊት ፍሬናቸው በቀኝ እጅ ነው፤ የቀሩት በግራ። አንዷ ልጅ ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ ስትወርድ በድንጋጤ ጊዜ የትኛውን እንደምትይዝ እጇ አያውቅም። አሁን ካቦዎቹን አዟዙሬ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጌአቸዋለሁ፤ የፊቱ በግራ ነው። ያም ሆኖ ማንኛዋም ብስክሌት ከመውጣቷ በፊት ሁለቱንም ፍሬን እየያዛችሁ ወደ ፊት ግፏት። የፊቱን ስትይዙ የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሣ ይገባል። የኋላውን ስትይዙ ጎማው ሳይዞር መሬት ላይ ሊጎተት ይገባል። ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያን እሑድ አድርጌው ቢሆን ኖሮ…

ስለ አወራረድም ልጨምር። ብዙዎቻችሁ «የፊት ፍሬን ሰው ይገለብጣል» ትላላችሁ። የሚገለብጠው ክብደታችሁ ወደ ፊት ሆኖ በድንገት ስትጨብጡት ነው። ዳገቱን ወጥታችሁ ቁልቁለቱ ሲጀምር ከኮርቻው ብድግ በሉ፣ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ይሁኑ፣ ወገባችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ። ሁለቱንም ፍሬን በአንድ በአንድ ጣት ቀስ እያላችሁ ጨምቁ። መቀነስ ያለባችሁ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ነው፤ መታጠፊያው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ጨብጣችሁ ከያዛችሁ ጎማው ይሄድባችኋል። ከላይ እስከ ታች ሳትለቁ ይዛችሁ መውረድም ፍሬኑን ያግለዋል፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉት።

አሁን ወደ ዛሬው አጀንዳ ልምጣ። ከኪራዩ በተጠራቀመው ገንዘብ ሦስት አዳዲስ ብስክሌት እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔም ሱቁ ደጃፍ ተደርድረው አይቻቸዋለሁ፤ ቀለማቸው ያምራል፣ ከኋላም ከፊትም ስፕሪንግ አላቸው። እህቶቼ፣ በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ባለ ሁለት ስፕሪንግ ብስክሌት የተራራ ብስክሌት መልክ ያለው እንጂ የተራራ ብስክሌት አይደለም። ከባድ ነው፤ ዳገት ላይ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ስፕሪንጉ ጉልበታችሁን ይበላዋል፤ የኋላው መጋጠሚያ ጥቂት ወራት ሠርቶ መንገጫገጭ ይጀምራል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ያልፋል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ትርፍ ኪሎ ተሸክማ የምትወጣ ልጅ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትንፋሿ ያልቃል። የግድ የምንገዛ ከሆነ ከኋላ ስፕሪንግ የሌለው፣ ቴላዮው ቀጥ ያለ፣ ፍሬኑ በካቦ የሚሠራ ይሁን። በዘይት ግፊት የሚሠራው ፍሬን ይበልጣል፣ አልክድም። ግን የሚፈልገው ዘይት እንደ አምራቹ ይለያያል፤ አንዱ የማዕድን ዘይት፣ ሌላው እንደ መኪና የፍሬን ዘይት ያለ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ውስጡ ያሉትን የጎማ ማኅተሞች ያበላሻል። ካቦ ግን እኔም እቀይረዋለሁ።

የእኔ ሐሳብ ግን ከመግዛታችን በፊት ያሉንን ስድስቱን እናድን ነው። ሁለቱ የቆሙት በትንሽ ነገር ነው። አንዱን ልንገራችሁ፤ የኋላውን የማርሽ መቀየሪያ ከቴላዮው ጋር የሚያያይዝ ጣት የምታህል የአሉሚኒየም ቁራጭ አለች። ብስክሌቱ በቀኝ በኩል ሲወድቅ ቴላዮው እንዳይጎዳ ቀድማ እንድትጣመምና እንድትሰበር ሆና ነው የተሠራችው። ችግሩ ቅርጿ እንደ ብስክሌቱ ዓይነት ስለሚለያይ ከዚህ ሰፈር አትገኝም። ለደጋፊዎቻችን ከምለምነው ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ብስክሌት ስትልኩልን ለዚያ ብስክሌት የምትሆነዋን ቁራጭ ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ከኮርቻው ሥር እሰሩልን። ከአንድ ተጨማሪ ብስክሌት ይልቅ አንድ ካርቶን የፍሬን ሸራ፣ ካቦና ካቴና የበለጠ ይጠቅመናል። ይህን ስል እንዳትቀየሙኝ፤ ስጦታችሁን ስለምንጠቀምበት ነው የምናገረው።

የጎማ ቁጥርም እንደዚሁ ነው። «26» የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። በጎማው ጎን ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ሁለተኛ ቁጥር እዩ። የተራራው ባለ 26 «559» ይላል፤ የድሮው የከተማ ብስክሌት ባለ 26 ደግሞ «590» ይላል፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ አይገባም። ባለ 27.5 የሚባለው 584፣ ባለ 29 የሚባለው 622 ነው። ጎማ ለመግዛት ስትላኩ ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። እኔ ቁጥሩን ሳላይ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ጎሚስታ ዘንድ ስታስነፉ አጠገቡ ቁሙ። የመኪና መንፊያ የብስክሌትን ጎማ በሰከንዶች ይሞላዋል፤ ሲፈነዳ ደግሞ ጥይት ነው። ወፍራሙ የተራራ ጎማ ድንጋይ ሊመስል አይገባም። 60 ኪሎ ገደማ ለምትመዝን ሴት ለአፈር መንገድ ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ለአስፋልት ትንሽ ይጨመር። ከዚያ ሲያንስ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪያው በቸርኬው ይቆነጠጥና እባብ የነከሰው ይመስል ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ጠጋኙ አንዱን ደፍኖ ሌላውን እንዳይረሳ ንገሩት።

ካቴናን በተመለከተ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዳትቀቡት። አቧራ ይሰበስባል፣ ቀሚስም ያበላሻል። በጨርቅ ጠርጉ፣ ቀጭን ዘይት በየመጋጠሚያው ጠብ አድርጉ፣ የተረፈውን እንደገና ጠርጉት። ዘይት መጠጣት ያለበት ውስጡ እንጂ ላዩ አይደለም። ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል። በብረት ማስመሪያ ለኩት፤ የልብስ ሜትር ራሱ ስለሚለጠጥ አይሆንም። ከአንዱ ፒን መሐል ተነሥታችሁ ከእሱ በኋላ እስካለው ሃያ አራተኛ ፒን መሐል ሲለካ አዲሱ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.7 ከደረሰ ቀይሩት፤ ካልቀየራችሁት ጥርሶቹንም ይዞ ይሄዳል፣ ጥርሶቹ ደግሞ ከካቴናው ይወደዳሉ። ማርሽ የምትቀይሩትም ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ዳገት መሐል በሙሉ ጉልበት እየረገጡ መቀየር ካቴና ይበጥሳል።

ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ያለ ነገር ነው፤ አውልቁ አልልም። ነጠላውን መስቀለኛ አስራችሁ ጫፉን ወገባችሁ ላይ ሸጉጡት፤ የቀሚሱን ቀኝ ጎን በላስቲክ ሰብስቡት። ካቴናው ያለው በቀኝ ነውና።

ስለ መንገዱ የምለው አጭር ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጫካው ውስጥ አንግባ። ቀዩ አፈር ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ የምንተወው ጎድጓዳ መስመርም በሚቀጥለው ዝናብ የውኃ ቦይ ይሆንና መንገዱን ይወስደዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት እርጥብ ሲሆን ሳሙና ነው። ሥር መንገዱን ሲያቋርጥ ቀጥ ብላችሁ እለፉት፤ ሰያፍ ከሄዳችሁበት የፊት ጎማውን ይነጥቃችኋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ውረዱ፤ ጅቡን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ስታዩ ከብስክሌቱ ውረዱ። ደወል ማሰማት አይበቃም፣ ፍጥነት መቀነስም አይበቃም፤ ውረዱና ብስክሌቱን ከመንገዱ አውጡት። እናቴ ይህን መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ ተመላልሳበታለች፤ ከእናንተም ብዙዎች። ሸክሙ ከግራም ከቀኝም ከመንገዱ ይሰፋል፣ ተሸካሚዋ ቀና ብላ ማየት አትችልም፣ አንዴ ከቆመች መልሳ ለመነሣት ምን ያህል እንደሚያስጨንቃት አይቻለሁ። እንግዶቻችን ይህን ከኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ? ስለዚህ መሪ የምትሆነው ልጅ ከመነሣታቸው በፊት ለእንግዶቹ ትንገራቸው፤ እምቢ ያለ እንግዳ ካለ ገንዘቡ ይመለስለት። ይህ እንደ ደንብ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

ሌላው ጥያቄዬ አንድ ደብተር ነው። ብስክሌት ባወጣን ቁጥር ፍሬኑን ማን እንዳየው ስሟንና ቀኑን ትጽፋለች፣ ትፈርማለች። የእኔም ስም ይጻፍበት። ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በፊት መጥታ «መቼ ነው የምወጣው?» አለችኝ። ደብተሩ ሲጀመር አልኳት።

ስለ ግዢው ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ስድስቱም ብስክሌቶች ደጅ ተደርድረዋል፤ ወጥታችሁ ግፏቸው፣ ፍሬናቸውን ያዙ፣ የቆሙትንም ሁለቱን እዩአቸው። አልኮሉና ጨርቁ መስኮቱ ላይ አለ። ዳቦውን የበላችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ውጡ።